ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ከተማው ለምን አላደገም?

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ከዋና ከተማ ርቆ በሚገኝ መካከለኛ ከተማ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲከፈትልን ‹በቃ፣ ከተማችሁ አለፈላት› ተባልን። ዓመታት አለፉ። የቤት ኪራይ ተወደደ፤ መንገዱ በወጣት ተሞላ። ከዚያ ያለፈ ለውጥ ግን አይታየኝም። ተመራቂውም በተመረቀ ማግስት ሻንጣውን ሸክፎ ይሄዳል። የክልል ዩኒቨርሲቲ የአካባቢውን ኢኮኖሚ ያሳድጋል የሚባለው እውነት ነው ወይስ የምረቃ ቀን ንግግር? እውነት ከሆነስ የኛው ምን ነካው?»

እውነት ነው። የምረቃ ቀን ንግግርም ነው። ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

እውነቱን ላስቀድም። አና ቫሌሮ እና ጆን ቫን ሪነን የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በ2019 ባሳተሙት ጥናት በ78 አገሮች የሚገኙ ወደ 15,000 የሚጠጉ ዩኒቨርሲቲዎችን ተመልክተዋል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአንድ ክልል የዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር በ10 በመቶ ሲጨምር፣ የዚያ ክልል የነፍስ ወከፍ ገቢ በቀጣዮቹ ዓመታት በ0.4 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ትንሽ ትመስላለች። ግን ለአንድ ሙሉ ክልል ሲሰላ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ጥናቱ ሌላም ነገር ይላል። ዕድገቱ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከሚያወጣው ወጪ ብቻ የመጣ አይደለም። ይህችን ነጥብ ይያዙልኝ።

ችግሩ አማካይ ቁጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከዚያች 0.4 ጀርባ ዩኒቨርሲቲ መልካቸውን የቀየረላቸው ከተሞች አሉ። ዩኒቨርሲቲ መኖሩን ከኪራዩ ብቻ የሚያውቁም አሉ። እኔ ልዩነቱ የሚታየኝ አንድ ቦታ ላይ ነው። የአካባቢውን ችግር ሰምቶ ወደ ግቢ የሚያስገባ፣ መልሱን ይዞ የሚወጣ፣ ለዚሁ ሥራ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው አለ ወይስ የለም? ሕንፃውም፣ የተማሪው ብዛትም፣ የዶክተሮቹ ቁጥርም ለኔ ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

እስቲ ቶሎ ከሚታየው እንነሳ፤ ከገንዘቡ። ሠራተኛው ደሞዙን፣ ተማሪው የኪሱን ያወጣል። አከራይ ይጠቀማል፣ ነጋዴ ይጠቀማል፣ ሹፌር ይጠቀማል። ደስ ይላል። ግን ይህን ጥቅም አንድ ትልቅ የጦር ካምፕም ይሰጣል። ከዚያም በላይ ገንዘቡ ያፈሳል። ዩኒቨርሲቲው ወንበሩን፣ ወረቀቱን፣ የደንብ ልብሱን፣ የጥገና ዕቃውን ከዋና ከተማ በሚመጣ አንድ ትልቅ አቅራቢ ካስገዛ፣ በጀቱ ከተማው ውስጥ አንድ ሌሊት አድሮ ይመለሳል ማለት ነው። ኪራይ መወደዱም ዕድገት አይባልም። ከተከራይ ኪስ ወደ አከራይ ኪስ የተዛወረ ገንዘብ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ተማሪው ከመምጣቱ በፊት ለመኖሪያ ቤት የሚሆን መሬት ካላዘጋጀ፣ ዩኒቨርሲቲው ያመጣውን የመጀመሪያውን ሲሳይ ኪራዩ ይበላዋል። የሚጎዳው ደግሞ ከግቢው ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ጀማሪ ሠራተኛ ነው።

ይህን ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ጊዜ ይወስዳል። በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ በ2008 ኤቨርግሪን የሚባሉ የሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማህበራት ተቋቋሙ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። የከተማው ትልልቅ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲው እንደሁ በየዓመቱ ብዙ ይገዛሉ፤ አንሶላ ያሳጥባሉ፣ አትክልት ይገዛሉ። ታዲያ ለምን ከጎረቤት አይገዙም? የልብስ አጠባ ድርጅቱ በ2009 ሥራ ጀመረ። ከሆስፒታሎቹ አንዱ የሆነውን የክሊቭላንድ ክሊኒክን የልብስ አጠባ ሥራ የተረከበው ግን በ2018 ነው። ቃል መግባትና ጨረታ መስጠት ለየቅል ናቸው። በርስዎ ከተማም የሚጠየቀው ነገር ይኸው ነው። ጨረታው ትንሽ ድርጅት ሊወዳደር በሚችልበት መጠን ተከፋፍሎ ይወጣል ወይ? ክፍያውስ በስንት ቀን ይፈጸማል? ክፍያ ለወራት የሚጠብቅ ትንሽ ነጋዴ ጨረታ አሸነፈ አይባልም፤ ተቀጣ ነው የሚባለው።

ሻንጣውን ሸክፎ ስለሚሄደው ተመራቂ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያማርረው ጥፋተኛውን ስቶ ነው። ወጣቱ ሥራ ወዳለበት ቢሄድ ምን ይፈረድበታል? ትክክለኛው ጥያቄ ማን ነው ሲገባ የተመረጠው፣ የት ነው ሲማር የተለማመደው የሚለው ነው።

ኖርዌይ ሰሜኗ ሐኪም አጥቶ ነበር። ቀዝቃዛ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ክረምቱ ጨለማ ነው። በደቡብ የተማረ ሐኪም እዚያ አይሄድም፤ ቢሄድም አይቆይም። በ1968 መንግሥት ትሮምሶ ላይ ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋም ወሰነ። በ1972 ተከፈተ፤ የሕክምና ትምህርቱም ወዲያው ተከተለ። የተወሰነው የመግቢያ ቦታ ለሰሜን ልጆች ተያዘ፤ ተማሪዎቹም የልምምድ ጊዜያቸውን በሰሜን ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች እንዲያሳልፉ ተደረገ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የታተመ ጥናት ተመራቂዎቹ የት እንዳሉ ሲከታተል ከመቶ 56ቱ በሰሜን ሲሠሩ አገኘ። እዚያው ካደጉት መካከል ደግሞ 82 በመቶው ቀርተዋል። ቃለ መሐላ አላስፈረሙም። አመራረጡና ልምምዱ በቂ ነበር።

የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ሌላ መንገድ ሄደ። በ1957 ሲጀምር የነበሩት 74 የምህንድስና ተማሪዎች ነበሩ። የአካባቢው ነጋዴዎችና ፋብሪካዎች ከጅምሩ እጃቸውን አስገብተዋል። ተማሪው አራት ወር ይማራል፣ አራት ወር ተቀጥሮ ይሠራል፤ ደሞዝም ይከፈለዋል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይወጣል። በወቅቱ «ይህ ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ የሙያ ማሠልጠኛ?» ብለው ያሾፉ ምሁራን ነበሩ። ዛሬ ዋተርሉ በዚህ አሠራር ከሚታወቁት የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ግንባር ቀደም ነው። ልብ ይበሉ፤ ይህ በመጨረሻው ዓመት ክረምት ተሰጥቶ፣ ደብዳቤ በማኅተም ተቀብሎ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚያልቀው ኢንተርንሺፕ አይደለም። አሠሪው ደሞዝ ስለሚከፍል ልጁን ሥራ ያሠራዋል። ልጁም ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚሄድ ድርጅቱን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ፤ ወደ እውቀቱ። አንድ ታሪክ ረዘም አድርጌ ልንገርዎ፤ የነገሩ ፍሬ እዚያ ውስጥ ስላለ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአሜሪካዋ ዊስኮንሲን የስንዴ አገር ነበረች። መሬቱ ሲደክም፣ ተባዩ ሲበዛ፣ የስንዴ እርሻውም ወደ ምዕራብ ሲሸሽ ገበሬው ፊቱን ወደ ወተት ላም አዞረ። ወተት ግን የሚሸጠው በመጠኑ ወይም በክብደቱ ነበር። ቅቤ የሚሆነው ደግሞ በውስጡ ያለው ቅባት ነው። ስለዚህ ውሃ የቀላቀለውም፣ ክሬሙን ገፎ ያመጣውም፣ ንጹሕ ወተት ያመጣውም እኩል ይከፈላቸዋል። አጭበርባሪው አተረፈ፤ ጨዋው ከሰረ። የተሻለች ላም ለማርባት መድከምም ትርጉም አጣ። ገበሬና ወተት ተረካቢ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

በ1890 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኬሚስት ስቴፈን ባብኮክ መላ ይዞ መጣ። አሠራሩን ላሳይዎ። አንገቱ ረጅምና ቀጭን የሆነ፣ አንገቱ ላይ መለኪያ መስመር የተሰመረበት ጠርሙስ አለ። 17.6 ሚሊ ሊትር ወተት ይገባበታል። በዚያው ልክ ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመራል። አሲዱ ከቅባቱ በስተቀር ወተቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያሟሟል። ድብልቁ ይጠቁራል፣ ይሞቃል። ከዚያ ጠርሙሱ በእጅ በሚዞር ማሽን ይሽከረከራል። ሙቅ ውሃ ሲጨመርበት ቅባቱ ተንሳፍፎ አንገቱ ላይ ይቆማል። የቀረው መስመሩን ማንበብ ነው፤ ከመቶ ስንት እጅ ቅባት እንዳለው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኬሚስት አያስፈልግም። ወተት የሚረከበው ሠራተኛ ራሱ ጥቂት ሰልጥኖ ይሠራዋል። ገበሬውም ቆሞ ያያል።

ባብኮክ የፈጠራ መብቱን አላስመዘገበም። ለሁሉም ነፃ አደረገው። ክፍያው በቅባት ሲሆን ውሃ መቀላቀል ሞኝነት ሆነ። ገበሬውም እያንዳንዷን ላም እየለካ የማታዋጣዋን ማስወገድ፣ የምታዋጣዋን ማርባት ያዘ። ዩኒቨርሲቲው በዚያው ዘመን ቅቤና አይብ ለሚሠሩ ሰዎች አጭር የክረምት ኮርስ ይሰጥ ነበር፤ እርሻው ሥራ በሚፈታበት የበረዶ ወቅት። በ1910ዎቹ ዊስኮንሲን በወተት ምርት ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚዋ ሆነች።

አንዲት ጠርሙስ ብቻዋን ይህን አላደረገችም፤ ላሞቹም፣ ቅቤ ቤቶቹም፣ የባቡር ሐዲዱም ነበሩ። ግን ምን እንደተደረገ ይመልከቱ። ጥያቄው የመጣው ከግቢ ውጭ ነው። መልሱ የተሠራው ተጠቃሚው በሚችለው ልክ ነው። ትምህርቱ የተሰጠው ተጠቃሚው ጊዜ በሚኖረው ወቅት ነው። ባብኮክ ያንን ግኝት ጆርናል ላይ አውጥቶ፣ ዕድገት አግኝቶ፣ ወደ ቀጣዩ ፔፐር ቢያልፍ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሳው የኬሚስትሪ ታሪክ ጸሐፊ ብቻ ይሆን ነበር።

ይህ የሆነው ደግሞ በአንድ ሰው ጨዋነት ብቻ አይደለም። ከበስተጀርባው ሕግ ነበር። በ1862 የወጣው የሞሪል ሕግ ለየግዛቱ፣ በእያንዳንዱ የኮንግረስ ተወካይ ልክ፣ 30,000 ኤከር የመንግሥት መሬት ሰጠ። መሬቱ ተሽጦ የግብርናና የመካኒክ ሙያ የሚያስተምሩ ኮሌጆች ተከፈቱ። (መሬቱ ከነባር ሕዝቦች የተወሰደ መሆኑን ሳያነሱ ማለፍ ደግ አይደለም።) ኮሌጆቹ ተከፈቱ፤ ግን የሚያስተምሩት የተፈተነ እውቀት እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ በ1887 የሃች ሕግ መጣና የምርምር ጣቢያዎችን አቋቋመ። ምርምሩ ተሠራ፤ ግን ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በ1914 የስሚዝ ሊቨር ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ የሆነ፣ ግን መኖሪያው ገበሬው ዘንድ የሆነ ባለሙያ በየወረዳው ተመደበ። ደሞዙን የፌዴራሉ መንግሥት፣ ግዛቱና ወረዳው ተካፍለው ይከፍላሉ። ወረዳው ስለሚከፍል ይናገራል፤ ሰውዬው ካልሠራም ይጠይቃል።

ትምህርት፣ ምርምር፣ አድራሽ። ሦስቱ ሙሉ የሆኑት በ52 ዓመት ነው። በኔ እይታ ብዙ አገር የኮረጀው የ1862ቱን ነው። ጥቂቱ የ1887ቱን ጨመረ። የ1914ቱ ላይ ሲደርስ ግን «የማህበረሰብ አገልግሎት» የሚል ቢሮ ተከፍቶ፣ አንድ ኃላፊና አንድ ጸሐፊ ተቀምጠውበት፣ በዓመት አንዴ የችግኝ ተከላ ይደረጋል። የመግባቢያ ሰነድም ይፈረማል። የፊርማ ሥነ ሥርዓት ፎቶ ኢኮኖሚ ቢያሳድግ ኖሮ ስንት ከተማ በበለጸገ ነበር።

ነገሩን ከእርሻ አውጥተን እንየው። አንድ ጡብ አምራች አለ እንበል። ጡቡ እየተሰነጠቀ ከሰረ። ከጎኑ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሄደ። በር ላይ ጥበቃው «ማንን ፈልገህ ነው?» አለው። ማንን እንደሚፈልግ ቢያውቅ ኖሮማ ችግሩ ግማሹ ተፈቷል! ሲቪል ምህንድስና ነው? ኬሚስትሪ ነው? ጂኦሎጂ? የትምህርት ክፍል ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ደብዳቤ አምጣ ተባለ። ሰውየው ተመለሰ፤ ሁለተኛም አልመጣም።

አሁን ደግሞ በሩ አጠገብ አንዲት ባለሙያ ያለችበት ቢሮ አለ እንበል። ታስቀምጠዋለች። «የሚሰነጠቀው ሳይተኮስ ነው ወይስ ከተተኮሰ በኋላ?» ትለዋለች። ሳይተኮስ ከሆነ አደራረቁ ፈጥኗል፣ ወይም አፈሩ ሸክላነቱ በዝቶ አሸዋ ይፈልጋል። ከተተኮሰ በኋላ ከሆነ የምድጃው ሙቀት አወጣጥና አወራረድ ይታያል። ከቀናት በኋላ ነጭ ነጭ እያለ ከተፈነቀለ አፈሩ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ቅንጣት ሊኖር ይችላል። ባለሙያዋ ይህን ሁሉ ላታውቅ ትችላለች፤ ማን እንደሚያውቅ ግን ታውቃለች። የአራተኛ ዓመት ተማሪ የመመረቂያ ሥራው ይሆናል። ተማሪው ሦስት ዓይነት ድብልቅ ይሞክራል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ጥንካሬውን ይለካል፣ አምራቹ በሚገባው ቋንቋ ሁለት ገጽ ይጽፋል። ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። አምራቹ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ነዳጅ ፍጆታው ለመጠየቅ ይመለሳል። ሦስተኛው ላይ ተማሪውን ራሱን ሊቀጥረው ይችላል። ተመራቂ ከተማ ውስጥ የሚቀረው በብዛት በዚህ መንገድ ነው።

በጋና ሰሜን ያለው የታማሌው የልማት ጥናት ዩኒቨርሲቲ ይህንን በሌላ መልክ ይዞታል። የተቋቋመው በ1992 ነው። የዓመቱ ሦስተኛው የትምህርት ወቅት ለመስክ ተይዟል። ተማሪዎች ከተለያየ ትምህርት ክፍል ተደባልቀው መንደር ውስጥ ለሳምንታት ይኖራሉ፤ የመንደሩን ችግርና አቅም ያጠናሉ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ይመለሳሉ። እኔ የምወድለት መደባለቁን ነው። የመንደር ችግር በትምህርት ክፍል ተከፍሎ አይመጣም።

«ስታርታፕስ፣ አዲስ የሚጀመሩት ድርጅቶችስ?» የሚል ይኖራል። ዛሬ የክልል ዩኒቨርሲቲ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። የኔዘርላንድሷ ኤንስኬዴ ጥሩ ማሳያ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ነበረች። ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ። በ1961 የተቋቋመው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን የጀመረው በዚህ ሐዘን መሀል ነው። በ1984 አንድ ፕሮግራም አመጣ። ሐሳብ ላለው ተመራቂ ወይም ሠራተኛ ለአንድ ዓመት ቢሮ፣ ወለድ የሌለው ብድር፣ አንድ ከዩኒቨርሲቲው አንድ ከንግዱ ዓለም የሚመክሩት ሰዎች። በቃ። አዲስ ሕንፃ አያስፈልገው፣ ሪባን መቁረጥ አያስፈልገው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መቶ ድርጅቶች ከግቢው ወጥተዋል።

አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። ይህ ነውር የለበትም። የገነኑት ግን ምን እንደሆኑ ይመልከቱ። ቡኪንግ ዶት ኮም በ1996 የተጀመረው እዚያው በትዌንቴ ተመራቂ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ዛሬ አምስተርዳም ነው። በጣም ሲያድግ ወደ ትልቁ ገበያ ይሄዳል። ስለዚህ የክልል ከተማ አንድ ዝሆን ከሚጠብቅ ሃያ ሠራተኛ ያላቸው ብዙ ድርጅቶች ቢኖሩት ይሻለዋል።

ዝሆን የያዘችው ከተማስ? የፊንላንዷ ኦውሉ ወደ ሰሜን የራቀች ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ በ1958 ተቋቋመ። ኤሌክትሮኒክስ አስተማረ፤ በ1970ዎቹ የመንግሥት የምርምር ላቦራቶሪ ተጨመረ፤ ኖኪያ መጣ። በ1982 በስካንዲኔቪያ አካባቢ የመጀመሪያ የሚባለው የቴክኖሎጂ መንደር እዚያ ተከፈተ። ለዓመታት ዓለም ሊያያት የሚጎርፍባት ከተማ ሆነች። ከዚያ የኖኪያ ስልክ ወደቀ። ማይክሮሶፍት በ2014 የስልኩን ክፍል ከገዛ በኋላ የኦውሉ የምርት ልማት ክፍሉን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከተማዋ ታመመች፤ ግን አልሞተችም። የሬዲዮና የሽቦ አልባ ግንኙነት መሐንዲሱ እዚያው ነበረ፤ ዩኒቨርሲቲውም ያስተምርና ይመራመር ነበር። ሌሎች ድርጅቶች ለእነዚያ መሐንዲሶች ብለው መጡ፤ ከተባረሩትም የራሳቸውን የከፈቱ አሉ። ፋብሪካ ይሄዳል። እውቀቱ በብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ከተሠራጨ አብሮ አይሄድም።

ሰው ሁሉ ከኦውሉ የኮረጀው ግን የቴክኖሎጂ መንደሩን ሕንፃ ነው። መስታወቱ ያብረቀርቃል፤ ውስጡ ግማሹ ባዶ ነው፤ ቀሪውን የመንግሥት ቢሮ ተከራይቶታል። የፈጠራ መብት ነገርም እንዲሁ ነው። አሜሪካ በ1980 የቤይ ዶል ሕግ ካወጣች ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ገንዘብ ከሠሩት ምርምር የተገኘውን ፈጠራ በስማቸው አስመዝግበው መሸጥ ይችላሉ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከአንድ የዘረ መል ቴክኒክ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈቃድ ክፍያ ሲያገኝ የዓለም ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ፈጠራ የሚሸጥ ቢሮ ከፈተ። አብዛኛው ቢሮ ወጪውን እንኳ አይመልስም። ላም አለኝ በሰማይ ነው። ስታንፎርድን ለመሆን ስታንፎርድ ያለውን ሁሉ ይጠይቃል። የጡብ አምራቹን ጥያቄ ለመመለስ ግን አሁን ያለው ላቦራቶሪ ይበቃል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ጥፋቱን በዩኒቨርሲቲው ላይ ብቻ መጣል አልፈልግም። መምህሩ ዕድገት የሚያገኘው በፔፐር ነው። ጡብ አምራች ዘንድ ሦስት ቀን ያሳለፈ መምህር በማዕረግ ዕድገት ኮሚቴው ፊት ሦስት ቀን ያባከነ ሰው ነው። ይህ ሳይቀየር «ወደ ማህበረሰቡ ውረዱ» ማለት ከአንገት በላይ ነው። የተረጋገጠ የመስክ ሥራ፣ ተጠቃሚው የመሰከረለት፣ እንደ ፔፐር ነጥብ ይያዝለት። የጀርመን ፍራውንሆፈር የተግባር ምርምር ተቋማት ከዚህ ችግር የወጡት በበጀታቸው አሠራር ነው። በግምት አንድ ሦስተኛው ቋሚ የመንግሥት ድጎማ ነው፤ ቀሪውን ከኢንዱስትሪና ከመንግሥት ፕሮጀክት በውል ሠርተው ያመጣሉ። ደንበኛ ካልመጣ በጀቱ ይቀንሳል። ብዙዎቹ ዳይሬክተሮች ደግሞ አጠገባቸው ባለው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናቸው።

ከተማውም የራሱ ዕዳ አለበት። እውቀትን የሚረከብ ከሌለ የሚሰጠው ብቻውን ምን ያደርጋል? በስፔን ባስክ አገር ያለችው ሞንድራጎን ነገሩን ገልብጣ ነው ያሳየችው። በ1943 አንድ ቄስ ትንሽ የሙያ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1956 ከተማሪዎቻቸው አምስቱ አንድ የምድጃና የማሞቂያ ማምረቻ የኅብረት ሥራ መሠረቱ። ኅብረት ሥራዎቹ በዙ፤ የራሳቸውን ባንክ፣ የራሳቸውን የምርምር ማዕከል አቋቋሙ። ዩኒቨርሲቲ የተባለው በ1997 ነው፤ ከሁሉ መጨረሻ። ዛሬ ማህበራቱ ወደ 70,000 ሰው ያሠራሉ። ታላቁ የቤት ዕቃ አምራች ፋጎር በ2013 ሲከስር እንኳ ብዙ ሠራተኞቹን ሌሎቹ ማህበራት ተቀበሏቸው። እዚያ ዩኒቨርሲቲው ለማን እንደሚያስተምር ማንም አይጠይቅም፤ ቀጣሪው ከሱ በፊት ተወልዷል።

እንግዲህ እርስዎ ምን ያድርጉ? የነጋዴ ማህበር ወይም የከተማው ምክር ቤት ጋ መድረስ የሚችሉ ከሆነ በትንሹ ይጀምሩ። አሥር የሚሆኑ አምራቾችን አነጋግረው «ባለፈው ዓመት ገንዘብ ያስከሰራችሁ፣ መልሱን ያላገኛችሁለት ችግር ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። «ከዩኒቨርሲቲው ምን ትፈልጋላችሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ የሚሰሙት «ሥልጠና» ብቻ ይሆናል። ከመልሶቹ አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ሊሠራቸው የሚችሉትን ሦስት አራቱን ይምረጡ።

ከዚያ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ አይሂዱ፤ ስብሰባ ይጠራና ኮሚቴ ይቋቋማል። በቀጥታ የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ወደሚያጸድቀው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ይሂዱ። ኃላፊዎች በየዓመቱ ለተማሪ የሚሰጥ ርዕስ ይጨንቃቸዋል፤ ያለፈው ዓመት ርዕስ ስሙ ተቀይሮ የሚመለስበት ጊዜ ቀላል አይደለም። እርስዎ ርዕስ ይዘው ሲመጡ ውለታ ዋሉላቸው። አምራቹ የተማሪውን ትራንስፖርትና የናሙና ወጪ ይሸፍን፤ በነፃ የመጣ ሰው ምክሩም በነፃ ይቆጠራል። ሁለትና ሦስት ሥራ ከተሳካ በኋላ ነው ቋሚ ሰው የሚጠየቀው። ያኔ ማዘጋጃ ቤቱ የደሞዙን ግማሽ፣ ዩኒቨርሲቲው ግማሹን እንዲከፍሉ ያግባቧቸው። የሰውየው ቢሮ ከአስተዳደር ሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንዳይሆን ይታገሉ። ከግቢው ውጭ፣ መንገድ ላይ፣ ያለ ደብዳቤ የሚገባበት ይሁን።